ላልሰማሁት መርዶ ፈገግ ያልኩበት ፎቶ

ለክቡር የብሮድካስት ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ እጠይቃለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ጆሮዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የሚሰማ ጆሮ ያስፈልገኛልና። እኔ ከቂም በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም።

ስሜን ባያውቁትም ፊቴን ያውቁታል። ከአውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት በተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ፣ ትንሽ ነጭ ራዲዮ ደረቷ ላይ አስደግፋ ጥርሷን የምታሳየው ሴት እኔ ነኝ። ከራሴ በላይ «ድምፃችን ሁሉም ቤት ገብቷል» የሚል ተጽፎልኛል። በሥራዬ የሰው ልብስ አጥቤና ተኩሼ የማስረክብ የላውንድሪ ቤት ባለቤት ስሆን፣ ከካውያው ጠረጴዛ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ ራዲዮ አለኝ። ራዲዮ ሳልከፍት ካውያ እንደማላነሣ ደንበኛም ዘመድም ያውቃል። መሥሪያ ቤትዎ ነገር በቁጥር ሲቀርብለት ደስ ስለሚለው፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በከተማችን የድሮው የራዲዮ ሞገድ ተዘግቶ ወደ ዲጂታል ስንሻገር፣ መዘጋቱን የሚገልጸውን ማስታወቂያ ቀን ከሌት ስላስነገሩልን አመሰግናለሁ። ያስነገሩት ግን በአዲሱ ሞገድ ብቻ ነበር። አዲስ ራዲዮ የገዛ ሰው «አዲስ ራዲዮ ግዙ» ሲባል ሰማ፤ ያልገዛነው በሰላም እንቅልፋችንን ተኛን። ኋላ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ይህ ለምን እንደ ሆነ ብጠይቅ፣ የሕዝብ ግንኙነት ሹምዎ የድሮው ሞገድ መዝጊያው ስለ ደረሰ አዲስ ማስታወቂያ መቀበል በመመሪያ ተከልክሎ እንደ ነበር በትሕትና አስረዱኝ። ሊሞት ነውና ሊሞት መሆኑን እንዳይናገር ተከለከለ ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት እዚያው ሊፍቱ ውስጥ አስታወስኩት።

እናም አንድ ጠዋት ራዲዮዬ መናገር ትቶ ሽሽሽ አለ። እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ በጥፊ መታሁት። ቀጥሎ ባለቤቴን ጠረጠርኩ፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ልማዱ ነው። ራዲዮውን እንደ ሸሚዝ እጠበው ብዬህ ነበር ወይ ብዬ ጮኽኩበት፤ በእናቱ ስም ምሎ ካደ፤ አላመንኩትም። ኩርፊያችን ከርሞ ሻዩን ለብቻው እያፈላ ይጠጣ ጀመር። ከዚያ ራዲዮዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ሰፈሩ «ፈዋሹ» ወደሚለው ራዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የጎረቤት ራዲዮ ሁሉ ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል። የእኔንም ከፈተው፤ ስፒከሩን ቀየረ፤ ሽቦውን በየደ፤ ምንም ሲያጣበት ራሱን ይዞ «ወረርሽኝ ነው እትዬ፣ የሰፈሩ ራዲዮ በአንድ ቀን ታሟል» አለኝ። ጤነኛ ራዲዮ ስናሳክም ከረምን እንጂ የታመመውስ ሌላ ነበር።

ሁለተኛ፤ በእነዚያው ቀናት ታላቅ እህቴ በትውልድ ከተማችን አረፈች።

እናታችን በልጅነቴ ስትሞትብኝ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የእኔ የስልክ ቁጥር ያለው በእሷ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ስልኳ ደግሞ በምስጢር ቁጥር የተቆለፈ ነው፤ ቁጥሩንም ይዛው ሄደች። ልጆቿ ቢጨንቃቸው ትልቁ ልጇ እዚያ ወዳለው ቅርንጫፍዎ ሮጠና አገሩ ሁሉ በሚሰማው ራዲዮ መርዶ አስነገረ። አክስቴ ራዲዮ ሳትከፍት ካውያ አታነሣም ብሎ ነው፤ እውነቱን ነው። እዚያ የድሮው ሞገድ ገና ስላልተዘጋ፣ ስሜ ከነሰፈሬ በራዲዮ ሲጠራ ቤተ ዘመዱ በገዛ ጆሮው ሰማ። ትደርሳለች ብለው ቀብሩን ለማግሥቱ አሳደሩት። አውቶቡስ በገባ ቁጥር አንድ ሰው መንገድ ዳር እየወጣ ቆመ። በመጨረሻ ያለ እኔ ቀበሯት። እህቴ አፈር ስትለብስ እኔ እዚህ ራዲዮ በጥፊ እመታ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

ሦስተኛውን ከሁለተኛው ነጥዬ ልጽፈው ብሞክር እንባዬም ቁጣዬም አብረው መጡብኝ፤ ቁጥሩ ቢዛነፍ ይቅር ይበሉኝ። በዚያው ሰሞን ከመሥሪያ ቤትዎ የመጡ ሰዎች ካሜራና ካርቶን ይዘው ቤቴ ገቡ። የራዲዮውን መታመም ሰምተው ሊጠግኑልኝ የመጡ መስሎኝ ወንበር አበስኩላቸው። አርአያ አድማጭ ተብዬ መመረጤን ነገሩኝና ነጭ ራዲዮ አስያዙኝ። ከባለቤቴ ጋር እንደ ተኳረፍኩ፣ ሳቅ እንደማይመጣልኝ ብነግረው ፎቶ አንሺው «እትዬ፣ የልጅሽ ሠርግ ነው ብለሽ አስቢ» አለኝ። አሰብኩ፤ ሳቅሁ። ያ ሳቅ ነው አገር ምድሩን የሞላው።

መርዶዬን የነገረኝ ዩኒፎርሙን እኔ ዘንድ የሚያሳጥብ፣ ወደ ትውልድ ከተማዬ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሸሚዙን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «እግዜር ያጥናሽ እትዬ» አለኝ። ለማን ብዬ ብጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠ። ያን ጊዜ ካውያው ስተኩሰው በነበረው ሌላ ሸሚዙ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀርቶ ኪሱን አቃጠለው፤ ሾፌሩ ሶኬቱን ነቅሎ አጠገቤ ቆመ።

በማግሥቱ ተሳፈርኩ፤ በከተማችን የድሮው ሞገድ መዘጋቱንም በመንገድ ላይ ያው ሾፌር ነገረኝ። የትውልድ ከተማዬ መናኸሪያ ስደርስ የተቀበለኝ ማን ይመስልዎታል? ራሴ ነኝ። ከነጥርሴ፣ ከነነጭ ራዲዮዬ፣ ከሕንፃው ግድግዳ ላይ እየሳቅሁ። እዚያ ያሉትን ነዋሪዎች ለቀጣዩ ዙር ለማዘጋጀት ሰሌዳውን ቀድመው ልከውልኛል፤ ለፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ለቅሶ ቤት ስገባ የእህቴ ባል ተነሥቶ እንደ እንግዳ ጨበጠኝ እንጂ ቁጭ በይ አላለኝም። የእህቴ ልጅ፣ እኔው ፀጉሯን ጎንጉኜ ያሳደግኋት ልጅ፣ «አክስቴ፣ በራዲዮ ተጠርተሽ ቀረሽ፤ ራዲዮው እኮ እጅሽ ላይ ነው፤ ደግሞ ትስቂያለሽ» አለችኝ። ሞገዱ ተዘግቶ ነው፣ አልሰማሁም ብዬ ማልኩ። የእህቴ ባል ተነሣና የእነሱን አሮጌ ራዲዮ ከፈተው፤ ጥርት ብሎ ይናገራል። መልሶ ዘጋውና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ማን ያምነኛል? እኔስ ብሆን አምን ነበር? እስከ ዛሬ ድረስ ከእህቴ ልጆች አንዱም ስልኬን አያነሣም። መቃብሯ ላይ ያለቀስኩት ብቻዬን ነው።

አራተኛ፤ ይህን ሁሉ ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ስለ ተደረገልኝ መስተንግዶ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የሕዝብ ግንኙነት ሹምዎ ግን ውኃ አስቀርበውልኝ፣ ባለ ብዙ ቀለም ካርታ ዘርግተው የእኔን ሰፈር አረንጓዴ ሆኖ አሳዩኝ። አረንጓዴ ማለት ሽፋን ያገኘ ማለት ነው አሉኝ። በእሳቸው አባባል መርዶው ቤቴ ገብቶ ነበር፤ ግድግዳዬንም አልፎ ነበር፤ ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላሟ ጣሪያዬ ላይ ቆማ ኖሮ ባልዲ ያላቀረብኩት እኔ እንደ ሆንኩ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሰሌዳው ይውረድልኝ ብዬ ብለምንም፣ ፎቶው በሕዝብ ዘንድ እጅግ ስለ ተወደደ አይወርድም ተባልኩ።

አሁን ደግሞ ክብር በክብር ላይ ጨምረውልኛል። በመጪው እሑድ በትልቁ አዳራሽ በሚደረገው የማጠቃለያ በዓል ላይ፣ እርስዎ ቁልፍ ተጭነው በቀሩት ከተሞች ያለውን የድሮ ሞገድ ከመዝጋትዎ በፊት፣ የሰሌዳዋ እመቤት የምስጋና ንግግር ታድርግ ተብሎ ጥሪ ደርሶኛል። በዓሉ በአዲሱም በድሮውም ሞገድ በቀጥታ እንደሚተላለፍ ተነግሮኛል። የምናገረውንም ጽፈው ልከውልኛል፤ «ዲጂታል ራዲዮ ሕይወቴን ለውጦታል» ብሎ ይጀምራል። ከመሥሪያ ቤትዎ ይህን ያህል እውነት ወጥቶ አያውቅም።

ጥሪውን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ነገር ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንምና ቂሜን አስቀድሜ ላሳውቅዎ ወደድኩ። ይቅርታ እንዲሉኝ አልፈልግም፤ ይቅርታዎ የእህቴን ባል ደጅ አይከፍትልኝም። እኔ የምፈልገው፣ የትውልድ ከተማዬ ሰው ሁሉ አሮጌ ራዲዮውን ከፍቶ ባለበት ሰዓት እርስዎ እንዲያፍሩ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት በገዛ ድምፅዎ የሚያነቡት ጽሑፍ እነሆ አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ እርስዎ ለእኔ እንዳዘጋጁልኝ ሁሉ፤

«በራዲዮ ስሟ ተጠርቶ ለእህቷ ቀብር ያልደረሰችው ሴት አልሰማችም። ያላሰማናት እኛ ነን። ፎቶውን ያነሣነው መርዶዋን ሳታውቅ ነው። ባለ ሐዘኖች ሆይ፣ ቤታችሁን ክፈቱላት።»

ይህን እርስዎ ካላነበቡት እኔ አነበዋለሁ፤ የእኔ ንባብ ግን እንዲህ አጭርና ጨዋ አይሆንም። ከአውቶቡስ ተራው ጀምሬ እስከ ባለ ቀለሙ ካርታ ድረስ አንድም አልዘልም። ስሜን ከመርሐ ግብሩ ለመሰረዝ ቢያስቡም መብትዎ ነው፤ የሰሌዳዋ እመቤት ትናገራለች ብለው ሳምንቱን ሙሉ በሁለቱም ሞገድ ሲያስነግሩ ስለ ከረሙ ግን ሕዝቡ የት ሄደች ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ደብዳቤ ሕዝብ ሁሉ የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ የሆነው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ በሥራዬም ቢሆን እድፍ ሳላስለቅቅ ልብስ አላስረክብም።

በሥልጣን ወንበርዎ ላይ የረጋ መቀመጫ፣ በቤትዎ ሰላም፣ በእሑዱ በዓል ላይም የማይንቀጠቀጥ ድምፅ እየተመኘሁ፣ ጥርሷን በግድግዳ ሁሉ ላይ ሰቅለው ዘመዷን ያስጠፉባት፣ ሳቋን በአደራ የተረከቧት

አርአያ አድማጭዎ
የላውንድሪ ቤቷ ባለቤት

ማሳሰቢያ፤ ሁሉም ሰው ስለዚያ ነጭ ራዲዮ ድምፅ ጥራት ስለሚጠይቀኝ እውነቱን ልንገርዎ። ፎቶ አንሺው ሲጨርስ ከእጄ ተቀብሎ ወደ ካርቶኑ መለሰው፤ ለሌሎቹም አርአያ አድማጮች ፎቶ ይፈለጋል ብሎ ነው። ገልብጬ አይቼው ነበር፤ ውስጡ ምንም የሌለው ባዶ ቀፎ ነው። በእሑዱ በዓል ላይ ሽልማት ብለው ያንኑ ደግመው ሊያስይዙኝ እንዳይደክሙ፤ ሁለቱም እጆቼ የእህቴን ፎቶ ይይዛሉ።