ሁለት ጊዜ የሚበስል ጎመን

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ውድ ባለቤቴ፣

ጤናህን የምጠይቅህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው። እኛ ደህና ነን። እኔ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የጀመረው በጎመን ነው። አሠራሬን ታውቀዋለህ። ግንዱን ለይቼ በደቃቁ እከትፍና በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አስቀድሜ አበስለዋለሁ፤ ቅጠሉን የምጨምረው መጨረሻ ላይ ነው። ሲታጠብ የቀረው ውሃ ይበቃዋል። ለስለስ ሲል፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ አወርደዋለሁ። ጠዋት እንደዚያ አድርጌ፣ ከድኜ ወደ ስፌት ቤት እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ ድስቱ ውስጥ የሚጠብቀኝ ጠቁሮ የላመ፣ ቅጠል ይሁን ጭቃ የማይለይ ነገር ነው። ለካ እናትህ እኔ ስወጣ ጠብቀው፣ ውሃ ቸልሰው መልሰው ይጥዱታል። "እማማ፣ እኔ እኮ አብስዬዋለሁ" ስላቸው አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈን አድርገው "ጥሬ ነው ልጄ፣ ሆድ ይነፋል" ይሉኛል። ነጋ ጠባ ይኸው ነው። በገዛ ጓዳዬ ድስት መጣድ እንደማታውቅ ሙሽራ ተቆጠርኩ።

ትዕግሥቴ ሲያልቅ ደወልኩልህ። አንተ ምን አደረግክ? ሳቅህ። "ጎመን ነው እኮ። አንድ ድስት ካጣላችሁማ እህቴ ትውሰዳት" አልክና ስልኩን ዘግተህ ለእህትህ ደወልክ። እኔ እናትህን ውሰዱልኝ መቼ አልኩህ? አነጋግራቸው ነው ያልኩህ።

ቅዳሜ እህትህ ታክሲ ይዛ መጣች። እኔ ሻንጣቸውን ስሸክፍ እናትህ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ትራሳቸውን ሳነሳ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ወደቀ። ስፈታው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ነው፣ ለሁለት ተሰብሯል። ከተሰበረ ከርሟል። የእኔን ጎመን ማኘክ አቅቷቸው ኖሯል እስኪቀልጥ የሚቀቅሉት።

"ምነው ሳይነግሩኝ?" አልኳቸው።

"ለልጄ ትነግሪዋለሽ። እሱ ደግሞ አበቃላት ብሎ ለእህቱ ይሰጠኛል ብዬ ነዋ።"

ሳይነገርህም ሰጠሃቸው።

በየእሁዱ ትደውልላቸዋለህ። ጥርስ የሌለው ሰው ንግግር እንዴት ጆሮህ አይገባም? ወይስ የምታወራው አንተ ብቻ ነህ? እኔም አንድ ገበታ ላይ ተቀምጬ አላስተዋልኩም፣ ዓይኔ ድስቱ ላይ ነበር፤ በራሴም ተናድጃለሁ። አንተ ግን የአብራካቸው ልጅ ነህ። ደግሞ ሰው እንደተበላሸ ዕቃ ከቤት ቤት እየተላከ እኔ ሻንጣ ሸካፊ እንድሆን ማን ፈቀደልህ?

እህትህን ከነታክሲዋ መለስኳት። ተቆጥታ ነው የሄደችው፤ ትቆጣ። ጥርስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ። እስከዚያ ድረስ የእኔን ድርሻ ቀድሜ አወጣና የእሳቸውን እሳት ላይ እተወዋለሁ። ይኼ ነበር ያንን ሁሉ ያጨቃጨቀን።

ትናንት እየበላን ሳለ ቀና ብለው አዩኝና፣ "እኔ ሳረጅ ለእህቱ ሰጠኝ። አንቺ ስታረጂ ለማን ይሰጥሽ ይሆን?" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። ተነስቼ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመርኩ።

እናትህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ ብለውሃል፤ እንዳሉት ጽፌዋለሁ። የእኔ ምርቃት ንዴቴ ሲበርድ ይከተላል። የጠየቁኝን ግን መልሱን አንተ ጻፍልኝ።

እስካሁን ሚስትህ