የዘፈኑ ግራ ጎን

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ አልፎ እስከ ጓዳሽ ይግባ። እንዴት ነሽልኝ? ባለቤትሽስ? ያ የሚነዘንዝሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ እንደ ልማድሽ ነገ ዛሬ እያልሽ ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ከዚያ በቀር ጤናዬ ሙሉ ነው፤ እንዲያውም ሰሞኑን ወፈረች እያሉ ያሙኛል።

ስልክ ገዝቼ ልኬላት ደብዳቤ ትጽፋለች ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ። በስልክ ግን አንቺን አልችልሽም። አንድ ቃል ስናገር ዘጠኝ ታስከትያለሽ፣ ከዚያ አውቶቡስ መጣ ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ላይ እስክጨርስ ድረስ ወደሽ ሳይሆን በግድሽ ታዳምጪኛለሽ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ላውንደሪውን ተይና እኔ ዘንድ ኑሪ፣ ክፍሉ ተቀብቷል፣ አልጋውም ገብቷል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ ብለሽኛል። እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ሌላኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። ስልኩን ከላክሽልኝ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ያን አሮጌ ኤምፒስሪ አሁንም አልጣልሽውም ወይ ትይኛለሽ። ዘፈኑም፣ ካሜራውም፣ የእጅ ባትሪውም ስልኩ ውስጥ አለልሽ፣ ምን ቆርጦሽ ሁለት ዕቃ ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ ትያለሽ። አልጣልኩትም ልጄ። የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ቦታ ነው ያለው፣ ስለዚህ ታገሺኝ።

ኤምፒስሪው ያንቺ እንደነበር ራሱ ረስተሽው ይሆናል። ትምህርትሽን ስትጨርሺ መሳቢያ ውስጥ ጥለሽው ሄድሽ። አባትሽ ካረፈ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ያገኘሁትን ሁሉ አጸዳ ነበርና መሳቢያሽን ስከፍት አገኘሁት። ቻርጅ አድርጌ ጆሮዬ ላይ ብሰካው ያ ጩኸት ሊያደነቁረኝ! አልጋው ላይ ወረወርኩት። በማግስቱ ግን መልሼ አነሳሁት። ዛሬ ያንቺን የወጣትነት ዘፈኖች ካንቺ በላይ እኔ አውቃቸዋለሁ። በርሽን ዘግተሽ ታለቅሺበት የነበረውንም ለይቼዋለሁ። ስለማን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ብቻ ልጁ ለዚያ ሁሉ ዘፈን የሚበቃ አልነበረም።

ሥራዬም በሱ ተቃንቷል። አንድ ሸሚዝ በአንድ ዘፈን ያልቃል። መግቢያው ላይ ኮሌታውን፣ ዘፋኙ ሲጀምር እጅጌዎቹን፣ አዝማቹ ሲመጣ ሰፊውን ጀርባ እተኩሳለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ካውያቸውን አስቀምጠው ወገባቸውን ሲያሹ እኔ እየተወዛወዝኩ እሠራለሁ። ኪሴ ውስጥ እጄን ሰድጄ፣ ሳላየው፣ ቁልፉን በጣቴ ዳብሼ ዘፈን አልፋለሁ። ስልክሽ ላይ ዳብሰሽ የምታገኚው መስታወት ብቻ ነው።

ስልክሽን አልሞከርኩትም እንዳትይኝ። እንደደረሰኝ ይዤው ወደ መተኮሻው ክፍል ገባሁ። ዘፈኑ ሞቅ ብሎ የሸሚዙ ጀርባ ላይ ስደርስ ተቋረጠ። አንቺ ነሽ። ምሳ በላሽ ወይ ልትይኝ ነው የደወልሽው። ገና ነኝ ብዬ ሳልጨርስ ሽታው መጣ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነጭ ሸሚዝ የካውያ ማኅተም ተመታበት። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም እንጂ ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ ያንቺ ስልክ ግን አርባ ዛፍ ላይ ልውጣ የሚል ነው።

አሠሪያችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ከለከለች። በሩ ላይ ቅርጫት አለ፣ ሁላችንም ስልካችንን እዚያ ጥለን ነው የምንገባው። እኔ ኤምፒስሪዬን ይዤ ላልፍ ስል አስቆመችኝ። ይደውላል ወይ አለችኝ። አይደውልም አልኳት። ፎቶስ ያነሳል? አያነሳም። ወሬስ ያመጣል? አያመጣም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ይዘፍናል። አገላብጣ አየችውና እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከየት ባገኘሁ፣ ይግባ አለች።

አሁን ስለ አይቸኩሌ ልንገርሽ። አይቸኩሌ የላውንደሪያችን ሾፌር ናቸው። ከሆቴሎቹ የቆሸሸውን ያመጣሉ፣ የታጠበውን ይመልሳሉ። ስሙን ያወጡላቸው ሴቶቹ ናቸው፤ ሲነዱ አንሶላ ሳይሆን እንቁላል የጫኑ ይመስላሉ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸውም እንዳንቺው ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ቀኝ ጆሯቸው በልጅነት ታመው ደንቁሯል፣ በግራው ብቻ ነው የሚሰሙት።

አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፣ ያራግፈዋል፣ ከዚያ ተጠጋግቶ ያገጣጥመዋል። አብራኝ የምታጥፈው ልጅ ወልዳ እቤት ስትቀር አሠሪያችን አይቸኩሌን እስከዚያ ያግዟት አለቻቸው። አጥፈው ሞተዋል! እኔ ሦስተኛውን ሳነሳ እሳቸው የመጀመሪያውን ጫፍ ይፈልጋሉ። ቢቸግረኝ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳቸውና የኤርፎኑን ግራ በደህናው ጆሯቸው ሰካሁላቸው፤ ቀኙን እኔ ያዝኩ። ምቱ ይግባቸው ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር አታስቢ።

ምቱ ገባቸው። ሥራው ተቀላጠፈ። አንሶላ ስናጥፍ እሳቸው ቃሉን ያንጎራጉራሉ፣ እኔ ከበሮውን በአፌ እመታለሁ። ግን ጠብ ተነሳ። የምን ዱም ዱም ነው፣ እዚህ ዘፈን ላይ ከበሮ የለም ይሉኛል። አለ እላቸዋለሁ። የለም። አለ። ሴቶቹ ዳኛ ሆነው ይስቁብናል። ለካ ያንቺ ዘፈኖች በግራና በቀኝ የተካፈሉ ናቸው፤ ዘፋኙ ወደ ግራ ያደላል፣ ከበሮው ወደ ቀኝ። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ የኔን ድርሻ ሰምተው አያውቁም። ነገሩ ሲገባኝ የኔን አውልቄ በግራ ጆሯቸው ሰካሁላቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ። ይሄ ሁሉ የት ነበር አሉ። እኔ ጋ ነበር አልኳቸው።

እስኪያልቅ ሰሙትና መልሰው ሰጡኝ፤ ግራውን ጠየቁ። ከበሮውን ካንቺ አፍ ብሰማው ይሻለኛል አሉ። ካንቺ ነው ያሉት። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ እርስዎ ነበርን። ሁለታችንም ሰማነው፣ ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆነን አንሶላችንን አነሳን። ስለዚህ ከዚህ በታች እሱ እያልኩ ብጽፍልሽ ብዕሯ ባለገ አትበይ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ቤት ብቻዬን ሆኜ ሁለቱንም ጆሮዬ ላይ ስሰካ ዘፈኑ ሙሉ ነው፣ ምንም አይጎድለውም። እኔን ግን ደስ አይለኝም። የሰው ድርሻ የወሰድኩ ይመስለኛል።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ኤምፒስሪው ጭጭ አለ። ቻርጅ ባደርገውም አልነቃ አለኝ። አንቺ ብታዪኝ ትስቂ ነበር፤ ለአንድ ጣት ለማታህል ዕቃ ፊቴ ተለዋወጠ። ሴቶቹ እንዳንቺው፣ ስልክሽ እያለ አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አንደኛዋ ዘፈኖቹን ፈልጋ አወጣችልኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እኔና አይቸኩሌ ስልኩን ከቅርጫቱ አንስተን ተቀመጥን። መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። ቀጥሎ ኢንተርኔት የለም አለ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ጎረቤቴ የሕፃን ፎቶ ላከችልኝ። ዘፈኑ ተጀመረ ስንል አንቺ ደወልሽ፣ ምሳ በላሽ ወይ ብለሽ! ያ ከስልኩ ጋር የላክሽልኝ ገመድ አልባ ኤርፎንማ አይወራ። አንዱን እሱ ጆሮ ላይ ሰክቼለት ጭነት ደረሰ ሲሉት ተነስቶ ሄደ፣ እንደሰካው መኪናውን ይዞ። ትዝ ያለው የሆቴሉ በር ላይ ነው። ባለ ገመዱ ቢሆን እንዲህ አይደረግም። ልነሳ ሲል ገመዱ ይይዘዋል፣ ዞር ብሎ ያየኛል፣ ደህና ዋይ ብሎኝ ይሄዳል።

ስልክ ጠጋኝ ጋ ብወስደው እማማ ይሄን ማን ይዞ ይዞራል፣ ይጣሉት አለኝ። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ለካ አይቸኩሌ የሚቸኩልበት ነገር አለው። ከሥራ ሲወጣ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ሰንብቶ፣ መስታወቱ የረገፈ ባትሪው ግን ነፍስ ያለው የዚያኑ ዓይነት አገኘ። የዚያን ባትሪ ለዚህ አስገጠመለት። ጠዋት መጥቶ የመተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከሸሚዞቹ መሀል አስቀመጠው። ግራውን ሰካ፣ ቀኙን ዘረጋልኝ። ሴቶቹ ሁሉ ካውያቸውን አንስተው ቆሙ። አሠሪያችን እንኳ ዛሬ ማን ሊተኩስ ነው አላለችም።

ዘፈኑ ሳያልቅ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ እንደ መንዳቱ። እኔም ልጄ እየጠበቀችኝ ያለ ሌላ ጥያቄ አለ፣ ለሷ ሳልመልስ ላንተ አልመልስም፣ ደብዳቤዬ እስኪደርሳት ታገሠኝ አልኩት። ስሙም አይቸኩሌ ነው፣ ይታገሣል።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸው። ለመኖር አልመጣም የኔ ልጅ። ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ ያን ክፍል በእጅሽ እንደቀባሽውም አውቃለሁ። ካንቺ ጋ መሆን ጠልቼ አይደለም። እናቴ ብቻዋን ናት እያልሽ እንቅልፍ የምታጪበት ነገር ስለቀረ ነው። ጠዋት ስነሳ ሥራዬ ይናፍቀኛል፣ መንገድ ላይ ሳላስበው አንጎራጉራለሁ። ደስ ብሎኛል። ይህን ቃል ስለ ራሴ ከጻፍኩ ስንት ጊዜዬ ነው!

ስልክሽንም አልጣልኩትም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ፊትሽን የማየው በሱ ነው፤ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል። ለመልስሽም እሱን ተጠቀሚ። ብቻ ምሳ ሰዓት ላይ አትደውዪ።

ከዚህ በኋላ የምትልኪልኝ ነገር ካለ ኤርፎን ይሁን፣ ባለ ገመዱን። ረዘም ያለውን ፈልጊልኝ። ያለን አጭር ነው፣ አንዳችን ስንስቅ ከሌላው ጆሮ ይነቀላል።

እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ። ባለቤትሽን ሳሚልኝ። በወለድኩሽ ቀን የሳቅሁትን ሳቅ ፈጣሪ ላንቺም በልጅሽ ያሳይሽ።

የምትወድሽ እናትሽ

ማሳሰቢያ፦ ለጥየቃ ግን እንመጣለን። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ እንዳየሁት አልጋው የአንድ ሰው ነው። ሱቁ የሚመልስልሽ ከሆነ ሰፋ ባለው ቀይሪው።