ከይሪያ ነጂብን አጥብታዋለች፣ አላጠባችውም

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። መታወቂያው ሰባ ዘጠኝ ይላል፤ ሰፈራ ስንመጣ የመዘገበን ልጅ ፊቴን አይቶ የጻፈው ነው። በቆሎዬን አሁንም ራሴ እኮተኩታለሁ። ዶሮ አርዳለሁ። ሸሚዜን አጥባለሁ። መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ... ዓይኔ ደህና የዋለ ቀን። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፣ ቢሆንም የራሴ ነው። ሚስቴ ከይሪያ ከሞተች ወዲህ ማንም ውሃ ቀድቶልኝ አያውቅም። አልፈልግምም።

ዝናብ ገብቷል። አረሙ ከበቆሎው ቀድሟል።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ሚስኪ ከከተማ መጣች። የሟቹ ልጄ ልጅ። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራለች። ስኳር ይዛ መጣች፣ ወሬም ይዛ። ነጂብ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የየሱፍ ልጅ። የሱፍ ድሮ ጎረቤቴ ነበር፤ ሞፈሩን ጥሎ ጋምቤላ መሃል ሱቅ ከፈተ። አሁን ሲጨብጠኝ የጣቱን ጫፍ ነው የሚሰጠኝ።

"አባባ፣ ምን ይላሉ?"

"አስባለሁ።"

አባቷ የለም። የምድራት እኔ ነኝ። ያለኔ ቃል ኒካህ አይታሰርም። ልጅቷ ስትወጣ እያንጎራጎረች ነበር።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

እናትነሽ መጣች፣ የመልአኩ ሚስት። ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነን የመጣን ጎረቤቶች ነን። አልቀመጥ አለች።

"ሙሐመድኑር፣ ዝም ብል እግዜር ይጠይቀኛል። ነጂብን ከይሪያ አጥብታዋለች።"

"መቼ?"

"እናቱን ወባ የጣላት ጊዜ። አንተ ቃሬዛ ይዘህ ሄደሃል። ሕፃኑ እናንተ ቤት ቀረ። ከይሪያ በአንድ ጎን የራሷን ሁዘይፋን፣ በአንድ ጎን ነጂብን... በዓይኔ አይቻለሁ።"

እንደሱ ከሆነ ነጂብ በጡት የከይሪያ ልጅ ነው። የሁዘይፋ ወንድም። የሚስኪ አጎት! ሐራም ነው፣ አለቀ።

ግንቦት 10፣ እሁድ

አላለቀም። የነጂብ አክስት እያለከለከች ደረሰች።

"ወላሂ አላጠባችውም! ከእቅፌ አልወረደም። የፍየል ወተት በማንኪያ ነው የሰጠነው። በማግስቱ አያቱ መጥታ ወሰደችው።"

ይቺም ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም። ያቺም እንደዚሁ። አንዱ ነገር ሆኗልም፣ አልሆነምም? ከይሪያ ብትኖር በአንድ ቃል ትገላግለኝ ነበር...

ልጄ ሁዘይፋ ደወለ። "አባባ፣ ወንድም ተገኘልኝ አሉ!" ብሎ ሳቀ። ዘጋሁበት።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ወፍጮ ቤት በር ላይ ሰዉ ሁሉ ዳኛ ሆኖ ጠበቀኝ። አንዱ "ከይሪያ አጠባች ከተባለማ ማንን ያላጠባች አለ? ሰፈሩ ሁሉ ወንድምና እህት ነው፣ መጋባት ቀረ" ይላል። ሌላው ደግሞ "አሮጊቶቹ ከተጣረሱ የእናትነሽ ምስክርነት ሁሉ ወደቀ። የማሳዬን ድንበር የመሰከረችው እሷ ናት፣ እሱም ይፍረስ!" ከአንዲት ጡት ተነስቶ ድንበር ደረሰ።

እኔም ደሜ ፈላ። "የሁለቱም ወሬ ውሸት ነው። ሚስኪን ለየሱፍ ልጅ አልድርም" አልኩ።

መልአኩ ዱቄቱን አስቀመጠ። "ሚስቴን ውሸታም አልካት?"

"አልኳት።"

ዱቄቱን አንስቶ ሄደ። ነገ እሱ ማሳ ላይ የወንፈል ተራዬ ነበር።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

አልሄድኩም።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ለጁምዓ ከተማ ወረድኩ። ባጃጁ የዱዋል ነው። ሙግቱን የት እንደሰማ እንጃ። ኑዌር ነው፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም "አንተ" ነው የሚል።

"አባ፣ ላም ጠፋ። አንድ ሰው ወደ ባሮ ሄደ አለ። አንድ ሰው ወደ ጫካ ሄደ አለ። አንተ ምን ትላለህ? ላም የለኝም ትላለህ?"

"መንገድህን እይ!"

"መንገድ አያለሁ። ላም አንተ እይ።"

ባለጌ።

ሚስኪን ካርድ ክፍሉ በር ላይ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። ለማጽናናት ብዬ "ሁለት ሰው ከተጣረሰ ቃላቸው ሁሉ ይጣላል" አልኳት። ባልላት ይሻል ነበር።

"እዚህ አንጥልም፣ አባባ። አንድ በሽተኛ ሁለት ካርድ ይወጣለታል። አንዱ ደሙን ኦ ይላል፣ አንዱ ኤ ይላል። ሁለቱንም በጤነኛ እጅ ነው የጻፍናቸው። ደም ሲያስፈልገው እንደገና እንመረምረዋለን። የደሙ ነገር ስለተጣረሰ ግን ስሙን አንሰርዝም፣ ሰፈሩን አንሰርዝም፣ ሰውየው ሞቷል አንልም።"

ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"እናትነሽ ሐራም ነው አለች። አክስቱ ሐላል ነው አለች። 'አልድርም' የሚለውን ከየትኛዋ ሴት ነው ያገኙት?"

ልጅቷ እንዲህ ስትናገር ከይሪያን ቁርጥ...

ግንቦት 17፣ እሁድ

ከየትኛዋም አላገኘሁትም። የየሱፍን የጣት ጫፍ ነው ያሰብኩት። ሰዎቹ ከጭቅጭቁ መሃል የየፍላጎታቸውን መዘዙ፣ እኔም የኔን መዘዝኩ። ያኛው ድንበር፣ እኔ ቂም።

አረሙ ጉልበቴ ደርሷል።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ሼኹ ዘንድ ሁለቱንም ሴቶች ይዤ ሄድኩ። እናትነሽ ከኔ ጋር አልሄድም ብላ ሃምሳ እርምጃ ከኋላ መጣች። መልአኩ ከእሷ ኋላ። እንደ ቀብር ተሰልፈን።

ሼኹ "ማነው የዋሸው?" ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ አላለም። እናትነሽን "ስንቴ አየሽ?" አላት።

"አንዴ። ከዚያ ወዲያ የፍየል ወተት ነው፤ ፍየሏን እኔ ራሴ አለብኳት። እስኪወስዱት ድረስ ከቤቱ አልወጣሁም።"

አክስትየዋን "የፍየሉን ወተት ይቺ ናት ያለበችው?" አላት።

"እሷ ናት። እሱን አልክድም። አንዴ የምትለውን ግን... ወላሂ አልነበረም!"

"ነበረ!"

"አልነበረም!"

ሼኹ እጁን አነሳ። "እሱን ለአላህ ተዉት። የተጣላችሁት በአንዲት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ስላለው ሁለታችሁም አንድ ናችሁ። እኛ በሕጋችን የኢማም ሻፊዒ ተከታዮች ነን፤ በኛ ዘንድ ከአምስት ጊዜ በታች መጥባት አያዛምድም። እናትነሽ ልክ ብትሆን ኒካሁ ይፈቀዳል። አክስትየዋ ልክ ብትሆን ኒካሁ ይፈቀዳል። ታዲያ ለዚህ ሰው ማዋረድ ምን አስፈለገ?"

እንዲህ ሲል እኔን ነው ያየኝ።

"እና እውነቱ የቷ ጋ ነው?" አልኩት። እልኸኛ ነኝ።

"አላውቅም።"

"ሳያውቁ ይፈርዳሉ?"

"ባላወቅኩት አልፈረድኩም። ባወቅኩት ነው የፈረድኩት። አንተ ሙሐመድኑር፣ ባላወቅከው ፈርደህ የለ?"

መልአኩ ከኋላ ሳቀ። እዳዬ ነው፣ ይሳቅ።

ስንመለስ ሴቶቹ መንገዱን ሙሉ "ነበረ፣ አልነበረም" እያሉ ጎን ለጎን ሄዱ። አሁንም ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። እንዴት እንደሚቻል አላውቅም፣ ግን ተችሏል።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

አረፋ ትናንት አለፈ። የነጂብ ሽማግሎች ዛሬ መጡ። እሺ አልኩ። ኒካሁ ሰኔ መጨረሻ ነው። ሁዘይፋ እኔ ልክፈል፣ እኔ ልሩጥልህ፣ እኔ ይቅርታ ልጠይቅልህ አለ። አሁንስ አበዛው። ያለብኝን ራሴ አወራርዳለሁ።

ለመልአኩ፦ የቀረሁበት የወንፈል ቀን። በእጥፍ። በራሴ መኮትኮቻ።

ለእናትነሽ፦ ውሸታም ያልኳት ወፍጮ ቤት በር ላይ ነው። ቃሌን የማነሳውም እዚያው ነው፣ ሰው በሞላበት ቀን።

ለየሱፍ፦ ቀድሜ ሰላም ማለት። በሙሉ እጄ። እሱ የጣቱን ጫፍ ከሰጠኝ የራሱ ጉዳይ ነው።

ለዱዋል፦ የሠርግ ጥሪ። "አንተ" ብሎ ይብላ።

ለሚስኪ፦ በኒካሁ ቀን ሰው ሳይደግፈኝ ቆሜ "ድሬያለሁ" ማለት።

ለከይሪያ፦ መቃብሯ ሣር በልቶታል። ሣሩን አጭጄ እዚያው ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ... አጠባሽውም አላጠባሽውም፣ ያንን ልጅ ወደ ቤትሽ እያስገባሁት ነው።