ከጓሯችን ያልወጣ ድምፅ

ጥር 29

ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ የላቦራቶሪ ሚዛን ስጠግን ዋልኩ። አለቃዬ ሁለቴ መጥቶ "አላለቀም?" አለ። ሚዛን በጥድፊያ አይስተካከልም ስለው ሳቀ። ቀልድ አልነበረም።

ቤት ስደርስ የሬዲዮ አንቴናዬ ማማ መሠረት ደርቋል። አባዬ ጓሮ ቁጢጥ ብሎ ሲሚንቶውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገና "እንደ አማት ፊት ጠንክሯል" አለ። እማዬ ከወጥ ቤት፣ "የማንን አማት ነው ደግሞ?" አለች። አባዬ መዶሻውን እንደያዘ ሸሸ። ቅዳሜ እናቆማለን።

የካቲት 4

ቆመ።

መዳፌ መላጡን ያየሁት አሁን ስጽፍ ነው። ብረቱን የበየድነው እኔና አባዬ ነን፤ ከሞተር መጠገኛ ሱቁ በስተኋላ፣ የሞተር ሽቦ የሚጠመጥምበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ የቫርኒሽ ሽታ እየጠጣን። ዛሬ የአማተር ሬዲዮ ክበባችን ልጆች ገመድ ያዙ፣ አባዬ አዘዘ። "ሳብ… ሳብ… ያዝ።" አንቴናው ከጣራችን በላይ ሲወጣ አንገቴ እስኪያመኝ አየሁት።

የፊት ለፊቷ እትዬ በመስኮት ብቅ አሉ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"አንቴና ነው፣ እትዬ። የሬዲዮ።"

"ሬዲዮማ እኔም አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ነው የማስቀምጠው።"

አባዬ ገመዱን ሊለቅ እስኪደርስ ሳቀ። ከምሽቱ በፊት ሰፈሩ ስም አወጣልኝ… ባለ ማማዋ። ይሁን። የባሰም ስም አለ።

የካቲት 6

ሰማኝ! ባሕር ማዶ ያለ ሰው። ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነኝ አለ። የጥሪ ምልክቴን ፊደል በፊደል መልሶ ነገረኝ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ ለአባዬ ነገርኩት፤ ጢሙን እየተላጨ ነበር። በሳሙናው ውስጥ ጥርሱ ብቻ ታየኝ።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። የሬዲዮ ፈቃዴ ጊዜያዊ ነው። እስከ መጋቢት ማለቂያ ከሩቅ አገር ጣቢያዎች ጋር መነጋገሬን በማረጋገጫ ካላሳየሁ ይሰረዛል፣ ማማውም ይነቀላል። እማዬ "ቢነቀልስ?" አለች። ቢነቀልስ? አምስት ዓመት የተማርኩት የሌላ ሰው ሚዛን ላስተካክል ብቻ ነው?

የካቲት 9

እትዬን ራሳቸውን አመማቸው። ከማማው ነው። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ማሽን ክር በጠሰ። ከማማው ነው። የአንዷ ዶሮ መጣል አቆመች… እሱም። ልብስ ሰፊው ደግሞ ለአባዬ፣ "ሴት ልጅ እንደ ዝንጀሮ ብረት ላይ ስትንጠላጠል ዝም ትላለህ?" ብሎታል። አባዬ ምን እንደመለሰ ጠየቅኩት። "ሳቅኩ" አለ።

የካቲት 12

የሚያማርሩትን ጎረቤቶች ሁሉ ቤታችን ጠራኋቸው። ወንበር ከጎረቤት ተዋስን፤ የተዋስነው ከከሳሾቻችን ነው። ወረቀት ላይ እየሳልኩ አስረዳሁ፦ ከኔ አንቴና የሚወጣው ጉልበት ይህን ያህል፣ እነሱ ቤት የሚደርሰው ይህን ያህል፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ… አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። አባዬ እስከ በር ሸኛቸው። በር ላይ ቆየ።

"ምን አሉ?"

"ገብቷቸዋል፣ ልጄ። አትጨነቂ።"

የካቲት 14

ሌሊቱን ዘነበ። ማማው እግር ሥር ከክፍሌ የሚመጣው ኬብል ከአንቴናው ኬብል ጋር የሚገናኝበት ሳጥን አለ። አባዬ ውሃ ገብቶበታል ብሎ እኔ ሥራ እያለሁ ፈቶ ጠገነው። ቁልፍም ገዝቶለት ቆለፈው።

ማታ ሞከርኩት። ጉድ ነው። መለኪያው የሚያሳየው አንቴናው አልቀበልም ብሎ የሚመልሰውን ጉልበት ነው፤ መርፌው ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። የሰጠሁትን ሁሉ ወሰደ ማለት ነው። እንዲህ ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ወርጄ ግንባሩን ሳምኩት። "ተይ እንጂ" አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። ዓይን አፋርነቱ…

የካቲት 23

የሚመልስልኝ ጠፋ። እጠራለሁ፣ ሹ የሚል ድምፅ ብቻ። የክበቡ ሽማግሌ "ፀሐይ ናት፣ አንዳንዴ ሞገዱን ታውካለች፣ ታገሺ" አሉኝ። እሺ። ፀሐይን ምን ላድርጋት?

ሰፈሩ ግን ማር ሆኗል። ልብስ ሰፊው ለሬዲዮዬ የአቧራ መከላከያ ልብስ ሰፍቶ በነፃ ሰጠኝ። እትዬን ራስ ምታቱ ለቀቃቸው። የዚያ ምሽት ንግግሬ እንዲህ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰው ሲያስረዱት ይገባዋል ማለት ነው።

የካቲት 30

ዛሬም ማንም።

መጋቢት 9

ሬዲዮውን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ምንም የለበትም። ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖረው የክበቡ ልጅ እንኳ "ድምፅሽ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣው" ይለኛል። ድምፄ ይሆን? አነጋገሬ? ወይስ ሌሎቹ ሴት ሲሰሙ ያልፋሉ? እንዲህ ማሰቤ ያናድደኛል።

እማዬ ሻይ ይዛ መጣች። በር ላይ ቆመች።

"ለምን አታርፊም?"

"እየጠራሁ ነው።"

"እሱማ ይሰማኛል" አለች። ብርጭቆውን አስቀምጣ ቶሎ ወጣች። ምን ነካት?

መጋቢት 17

እሑድ። ቀትር። እርሳሴ ወረቀቱን እየቀደደ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው።

ተሳሳትኩ፣ ደግ አደረግኩ። የሬዲዮውን መምረጫ ወደ ሌላ ሞገድ አዙሬ ረስቼው ኖሯል፤ ሳላይ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። የኔ አንቴና ለአንድ ሞገድ ብቻ የተቆረጠ ነው። ከዚያ ውጭ ሲልኩበት ይመልሳል። መርፌው እስከ ጥግ መዝለል ነበረበት።

ዜሮ።

ሌላ ሞገድ ሞከርኩ። ዜሮ። ሌላ። ዜሮ።

ለሁሉም እሺ የሚል አንቴና የለም።

ወረድኩ። የሳጥኑን ማጠፊያ በካቻቢቴ ፈታሁት። ከክፍሌ የመጣው ኬብል ወደ ማማው አልሄደም፤ አንድ የቀለም ጣሳ ውስጥ ገብቷል። ጣሳውን አውቀዋለሁ። ጥር ላይ እኔና አባዬ የሠራነው ነው። ውስጡ ዘይት፣ ዘይቱ ውስጥ ሬዚስተር፤ ማማው ሳይቆም ሬዲዮውን መፈተሻ። የላኩበትን ጉልበት ሁሉ ውጦ ሙቀት ያደርገዋል። ቢበዛ ሁለት መንገድ የሚያልፍ ይሾልካል እንጂ አየር ላይ የሚወጣ የለም። ሬዲዮው ግን አንቴና ያገኘ ይመስለዋል። ይህን ሁሉ ለአባዬ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ነው።

ጣሳውን ነካሁት። ሞቅ ብሏል። ያሞቀው ድምፄ ነው።

መልሼ ዘጋሁት። መንገዱን ተሻገርኩ። እትዬ ልብስ እያሰጡ ነበር።

"ራስዎስ፣ እትዬ?"

"ተመስገን። አባትሽ ከዘጋው ወዲህማ…" መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡ። "ምነው? አታውቂም ነበር እንዴ?"

ያስረዳኋቸው ማታ፣ በር ላይ ነው የተስማሙት። እስከ መጋቢት ማለቂያ ታገሱ ብሏቸዋል። ፈቃዷ ይሰረዛል፣ ማማው በሕግ ይወርዳል፣ እሷም ማንንም አትቀየምም። ልብስ ሰፊው ያውቃል። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ያውቃል። ጣሳ ውስጥ ስጮኽ እንደምከርም እያወቁ "ባለ ማማዋ፣ ዛሬስ ማን አገኘሽ?" ይሉኝ ነበር። እኔም ቆሜ ስለ ፀሐይ አስረዳቸዋለሁ…

መጋቢት 18

ሥራ አልሄድኩም። አባዬ ሱቅ ሄድኩ። የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር ከፍቶ የመዳብ ሽቦውን እየመዘዘ ነበር። ከሳጥኑ ያወጣሁትን ጣሳ ደንበኞቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሽቦውን መምዘዙን አቆመ።

"ሰላም ፈልጌ ነው" አለ።

"ከማን ጋር?"

"አብሬያቸው የምኖረው እነሱ ናቸው።"

"ከኔ ጋር አይደለም የምትኖረው?"

"ፖሊስ እንጠራለን አሉ። ማማውን እናስነቅላለን አሉ። እኔ ቢያንስ እስከ ወሩ ማለቂያ እንዲቆም አደረግኩልሽ።"

"ሬሳ ነው ያቆምክልኝ።"

"አፍሽን…"

"ለምን አልነገርከኝም? እምቢ ብዬ እጣላቸው ነበር። ብሸነፍም ተጣልቼ ነው።"

"እሱን ነው የፈራሁት" አለ። እውነቱን ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ እውነት ተናገረ።

ቤት ስመለስ እማዬ "አባትሽን ሰው ፊት አዋረድሽው" አለች። ማን ነገራት በዚህ ፍጥነት? "አንቺስ ታውቂ ነበር?" አልኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር። "ስትጠሪ በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል" አለች። ተቃጥሎ ምን ሠራ? ጠየቅኳት። ሰሃኑን ደጋግማ አጠበችው።

መጋቢት 19

ኬብሉን ወደ ቦታው መለስኩ። ቁልፉ አሁን የኔ ነው፣ አንገቴ ላይ ነው። ሬዲዮውን ስከፍተው… ድምፅ በድምፅ ላይ። ገበያ። ሁሉም እዚያው ነበሩ፤ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ፀሐይን በከንቱ አማኋት። ጠራሁ። ወዲያው መለሱ። አላለቀስኩም… ትንሽ።

ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ። ከሥራ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ።

መጋቢት 22

እትዬ በር አንኳኩ። ከደረጃው ላይ ሰማሁ።

"ልጅቱ ሳጥኑን ስትከፍት አይቻታለሁ። በርቷል እንዴ?"

"ኧረ ጠፍቷል" አለ አባዬ። "ልታጸዳው ነው። አይስጉ።"

አሁንም። ፊቴ፣ ቤቴ ውስጥ፣ አሁንም! ወረድኩ።

"በርቷል፣ እትዬ። ከማክሰኞ ጀምሮ። ትናንት እንዴት አደሩ ስልዎ 'እንደ ልጅነቴ ተኛሁ' ብለውኛል።"

እኔን አላዩም፤ እሱን አዩት። "ዋሸኸን?"

"ወረፋ ይያዙ" አልኳቸው። "አንደኛ እኔ ነኝ።"

መጋቢት 29

ማረጋገጫዎቹን አስገባሁ። የፈቃድ ቢሮው ሰውዬ ቀኖቹን አይቶ "አብዛኛው ሰሞኑን ነው… በፊት ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ። "ታምሜ ነበር" አልኩት። አባዬን ለምን ሸፈንኩለት? እስካሁን ይቆጨኛል።

ልብስ ሰፊው ሰላምታዬን መቀበል ትቷል። ከማሩ ይሻላል። ይሄኛው እውነተኛ ነው።

ሚያዝያ 20

ቋሚ ፈቃዴ መጣ። ማማው ይቆማል፤ የሚያስነቅል ካለ በፊት ለፊት ይምጣ።

ከአባዬ ጋር ከጨው አቀብለኝ ያለፈ አልተነጋገርንም ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ መጣ። "እንኳን ደስ አለሽ" አለ። አመሰገንኩ። አልሄደም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። መስመር ላይ አንዲት አስተማሪ ነበረች፣ እጅግ ሩቅ፤ በረዶ ይዘንባል እያለችኝ ነበር።

"እኔም አንዴ ላናግራት?"

ፈቃድ ያለው ሰው ከጎን ከተቀመጠ ይፈቀዳል። ማይክሮፎኑን ሰጠሁት። ቋንቋዋን አያውቅም፤ እኔ አስተረጉምለታለሁ። ጉሮሮውን ጠረገ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጁ ያዘ።

"አባቷ ነኝ በያት። ማማውን ያቆመችው ልጄ ናት፣ እኔ ብረት ብቻ ነው የያዝኩት በያት። ሰፈሩ ውስጥ እንደሷ ያለ ጭንቅላት የለም በያት።"

ሴትዮዋ ጠበቀች። በረዶዋ ውስጥ ሹ የሚል ድምፅ ብቻ። ምን ያህል ጊዜ ይህን ቃል ፈልጌው ነበር… ደግሞም አሳምሮ ተናገረው።

ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰድኩ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ ተሰናበትኳት። ሬዲዮውን ዘጋሁ።

"ይሄንን አልተረጉምም" አልኩት። "መንገዱን ተሻገርና ለእትዬ ንገራቸው። ለልብስ ሰፊው ንገረው። እነሱ ጋ አስተርጓሚ አያስፈልግህም።"

"አሁን?"

የማይክሮፎኑን ገመድ ጠቀለልኩ።

ከአልጋው ተነሳ። ከዚያ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወረደ። እማዬ "ወዴት ነው?" ስትል ሰማሁ። ጫማውን ሲያደርግ፣ በሩ ሲከፈት ሰማሁ።

ወዴት እንደታጠፈ ለማየት ወደ መስኮቱ አልሄድኩም።