ስመለስ እሠራታለሁ ያልካት መብራት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና መሆንህን ሰምቻለሁ። ጎረቤታችን የተሳቢ መኪና ሹፌሩ ሰሞኑን አንተ ባለህበት ከተማ ሲያልፍ አይቶሃል። የራስህ ጋራዥ በር ላይ ሕፃን ታቅፈህ ቆመህ ነበር አለኝ። «ወፍሯል፤ ኑሮ ተስማምቶታል» አለ እየሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ ደወልኩልህ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። ስታለቅስ ለሰፈር ትሰማለች ብለህ ክላክስ ያልከኝ እህትህ፣ ያን ዕለት ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። የልጅ ልጅ አለሽ ብዬ እጇ ላይ የማላደርስላትን ነገር እንዴት ልንገራት?

የምጽፍልህ ስለ አባባ አሮጌ መኪና ነው። የሄድክ ዕለት ጠዋት የኤቢኤሷ ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርታ እንደነበር ትዝ ይልሃል? ሻንጣህን ጭነህ ስትጨርስ እማዬ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችህ። «ምንም አይደል እማ፣ ፍሬኑ ይሠራል። ድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነገር ነው የታመመው። ማንም እንዳይነካት፣ ስመለስ እኔ እሠራታለሁ» አልካት። አንተ እንዲያው ለማጽናናት ነበር ያልከው፤ እሷ ግን ቃልህን ይዛ ቀረች።

የሰው መኪና ስሠራ እየዋልኩ የራሳችንን መንካት ተከለከልኩልህ። አንድ ቀን መፍቻ ይዤ ስጠጋ እማዬ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠች «ተዪው፣ ልጄ የሚሠራው ነው» አለችኝ።

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» አልኳት።

ሳቀች፤ ግን ከመኪናው አልወረደችም። ጠዋት ጠዋት ወደ ጋራዥ ስሄድ እስከ ልብስ ስፌት ቤቷ አደርሳታለሁ። ከጎኔ ገብታ ስትቀመጥ ገና በሩን ሳትዘጋ የምታየው ያቺን መብራት ነው። በርታ ካገኘቻት ፊቷ ይፈታል። የተበላሸ ነገር አይቶ ደስ የሚለው ሰው ከእናታችን ሌላ አላውቅም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከስፌት ቤቷ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ሴትዮ ጃንጥላዋን ፊቷ ላይ ደፍታ መንገድ ውስጥ ገባች። ፍሬን ያዝኩ። ጎማዎቹ ተቆለፉ፣ መሪው አልታዘዝ አለኝ፣ መኪናዋ እንደ ሳሙና ተንሸራታ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣች። የነካነው የጃንጥላዋን ጫፍ ብቻ ነው። ወርጄ ይቅርታ ለመንኳት። እማዬ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም፤ መብራቷን ታያለች። ቤት ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ «ነገ ሥሪያት» አለችኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። መመርመሪያ ማሽኑ የኋላውን ግራ ጎማ ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ነው አለኝ። ሴንሰሩን ቀየርኩት፤ መብራቷ ተመልሳ በራች። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ለካሁት፤ ምንም አልሆነም። ስታስተምረኝ «ማሽኑ ማን እንዳለቀሰ ነው የሚነግርሽ፣ ማን እንደመታው አይነግርሽም» ትለኝ ነበር። እንዲህ ሲያስቸግረን አንዳችን ቀስ ብለን እንነዳለን፣ ሌላችን የአራቱን ጎማ ፍጥነት ከማሽኑ ላይ እናነባለን። ሥራው የሁለት ሰው ነው። ሁለተኛው ሰው አንተ ነበርክ።

«እኔ አነብልሻለሁ» አለች እማዬ። የስፌት መነጽሯን አድርጋ ማሽኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ሜዳ እየዞርን «አሥር፣ አሥር፣ አሥር፣ አሥር» ትለኛለች፤ ፊደል እንደምታስቆጥር አስተማሪ። ፍጥነት ስቀንስ ድምጿ ተለወጠ።

«ቆዪ፣ ቆዪ! ሦስቱ እኩል ናቸው፣ አንዱ መጣ ሄደ ይላል።»

«የትኛው?»

«የኋላው ግራ።»

ጎማውን ፈታሁት። ሴንሰሩ የሚያነበው ባለ ጥርሱ ቀለበት ዝገት በልቶት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በዞረ ቁጥር ሴንሰሩ ይሳሳታል፤ አዲስም ቢሆን። እማዬ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት እማ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለዚህች ነው የጠበቅነው?» አለች፤ ድምጿ ቁጣም አልነበረበትም።

ቀለበቱን ቀይሬ ሞተሩን ሳስነሳ ከጎኔ ነበረች። መብራቷ እንደ ደንቧ ለአፍታ በራች። እማዬ ክንዴን ጨበጠችኝ። መብራቷ ስትጠፋ ለቀቀችኝ። ሜዳውን ደጋግመን ዞርን፣ አልተመለሰችም።

«ሹፌሩ ለእኔም ነግሮኛል» አለች መስኮቱን እያየች። «ሴት ናት ወንድ?»

«አልጠየቅኩትም።»

«እኔም አያቱ ሆኜ ሰው መጠየቅ አፈርኩ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከጎኔ አትቀመጥም፤ ከኋላ ገብታ መንገዱን ታያለች። ስላንተ አታነሳም፣ እኔም አላነሳባትም። በፊት እኮ እናማህ ነበር፤ አሁን እሱም ቀረ።

ወንድም ጋሼ፣ ና አልልህም። ናፍቀኸኛል፣ አንጀቴም አርሯል፣ ሁለቱም እውነት ነው። መኪናዋ ደህና ናት፤ በዝናብም ቀጥ ብላ ትቆማለች። ብትመጣም የምትሠራው የቀረ ነገር የለም። ስልኩንም አታንሳ፣ ለምደነዋል። አንዲት ቃል ብቻ ጻፍልን፣ ለእማዬ አነብላታለሁ፤ ሴት ናት ወንድ?

እህትህ ክላክስ