ኢንሹራንስ ቢሮ ሽማግሌ ላክሁ

አስካልዬ፣

አገሩ እንዴት ነው? ከተለየሽኝ ሁለት ዊንተር አልፎ ሦስተኛው በረዶ ጀምሯል፤ አንቺ ግን አንድ ቃል አልላክሽም። እስቲ ልጠይቅሽ፣ እዚያ ጥርስ ያስፈልጋል? እኔ የታችኛውን አርቴፊሻል ጥርሴን ሰብሬ ምግቤ ፍትፍት ብቻ ሆኗል። የሰበርኩት በምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። እሺ፣ አንቺ በከለከልሽኝ ቆሎ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሣራ እሑድ እሑድ እየመጣች ፍሪጁን ትፈትሻለች፣ እኔም ፈተና እንደሚታረምለት ተማሪ ቆሜ እጠብቃለሁ። የተለወጠው ኢንሹራንሳችን ነው፤ ያ ጡረታ ስወጣ የገባንበት፣ መንግሥት የማይሸፍነውን ጥርስና መነጽር የሚከፍለው። ዘንድሮም ዋጋው ጨምሮ ከጡረታዬ አቅም በላይ ሆነ። ካቋረጥኩት ደግሞ ጥርሱን አላሠራም። የሚገርመኝ ምን መሰለሽ፣ ሰውየው በየዓመቱ እየቀነሰ ዋጋው ለምን ይጨምራል?

ታዲያ ሽማግሌ ላክሁባቸው። ጋሽ በላቸውና አቶ ተክሌ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እኔ ሦስተኛ ሆኜ በከተማው ባቡር፣ በሲ-ትሬን፣ ዳውንታውን ወረድን። ባለጉዳይ ራሱ ሽማግሌ ይሆናል ወይ ትይኛለሽ፤ ሰው ጠፍቶ ነው። አንዲት ፈረንጅ ልጅ ተቀብላን ወንበር አቀረበች። በላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አላት። ወገባችንን ያመመን መስሏት ሄዳ ከፍ ያለ ወንበር ፈልጋ መጣች። ተክሌ ወንበሩን ሲያይ ሊቀመጥ አለ፤ በክርኔ ጎሸምኩት።

አባትሽ ቤት የላክኋቸው ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። አባትሽ ሆን ብለው ዝም ሲሉ፣ አንቺ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሽ ስትስቂ። እሺ ያሉት የቆሙት ሰዎች አሳዝነዋቸው እንጂ አንተን ወደው አይደለም ትይኝ ነበር።

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ስታይ ቆየችና፣ የሚከፍሉት እኮ ለሁለት ሰው ነው፣ ባለቤትዎ ደህና ናቸው? አለችኝ።

በላቸውና ተክሌ ዞረው አዩኝ። ሁለቱም ሳጥንሽን የተሸከሙ ናቸው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አውቅ ነበር። የኢንሹራንሱ ፖስታ በየወሩ በሁለታችን ስም ይመጣል። ስምሽን ጽፎ ቤቴ ድረስ የሚልክልኝ ሌላ ሰው የለም። ስንቴ ልደውልላቸው ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

አርፋለች አልኳት፣ በአማርኛ። የእንግሊዝኛው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ፤ ተክሌ ተረጎመልኝ። ልጅቷም ከወንበሯ ተነስታ አብራን ቆመች። ማን አስተማራት? እስካሁን አስባለሁ።

ለአንድ ሰው ሲሰላ ዋጋው ከድሮውም አነሰ። ያኔ ተቀመጥን። በላቸው አሁን በየደረሰበት፣ ቆመን አንበረከክናቸው እያለ ያወራል። ተይው፣ ይደሰት። የጥርሴ ሐኪም ልኬን ወስዷል።

አዲሱ ፖስታ ትናንት ደረሰ፤ የእኔ ስም ብቻ ነው ያለበት። ይህን ደብዳቤ ግን የሁለታችን ስም ባለበት በመጨረሻው ፖስታ ከትቼ መነጽርሽ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ከእንግዲህ ስምሽን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ይኸው ከላይ ጀምሬያለሁ፣ እጄ እስከሚያቅተው አላቆምም።

አዲሱ ጥርስ ሲገባ መጀመሪያ የምበላው ቆሎ ነው። ስትቆጪኝ እሰማሻለሁ።

ያው አስቸጋሪው ባልሽ