በጀሪካን የማይላክ ውሃ

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለችው ልጄ። እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱስ ለቀቅ አደረገሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ የኪዳነ ምሕረት ዳገት ላይ ይለግማል። ይህን የምትጽፍልኝ ጓሮ ቤቱን የተከራየችው መምህርት ሒሩት ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ እናትሽ ድምፁን ለቃ ስለምታዋራ ነው፤ የወንድ ጉዳይ በእሷ ፊት አላወራም።

ልጄ፣ ያ ውሃሽ አሳበደኝ! ጨረር ውሃ ውስጥ እንተኩሳለን፣ ጨረሩን ባቆመው ውሃ ውስጥ ለካንሰር መድኃኒት የሚሆን ነገር ይፈጠራል፣ ድሮ ይጣል ነበር፣ አሁን አጥልለን እናወጣዋለን አላልሽኝም? ደስ ብሎኝ ለዕድሩ ሰው ሁሉ አወራሁ። ጠበል የለመደ ሰው ውሃ ሲባል ምን ያስባል? በማግስቱ የዕድራችን አባይነሽ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ በሬ ላይ ቆመች፤ ልጅዎ ስትመጣ ሞልታ ታምጣልኝ ትላለች። ዓምደ ሚካኤልማ ቢያንስ አንድ ሃይላንድ ጋሼ አለኝ። አይጠጣም፣ ሰው ይገድላል ብላቸው፣ አባይነሽ ለራሳቸው ሊያስቀሩት ነው ብላ የካ ሚካኤል ደጅ ላይ አማችኝ። እኔን! ለራሴ!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ በእኔ ዕድሜ ነው። ሽንቱ አስቸግሮት መገናኛ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ፕሮስቴት የሚሉት ቦታ ካንሰር ነው፣ አጥንትም ደርሷል አለው። በሽታውን እየፈለገ የሚመታ የጨረር መድኃኒት ውጭ አገር አለ፣ እኔ ግን ከየት አመጣልዎታለሁ አለው። ያንቺው ዓይነት መሆኑ ነው። ሒሩት እስክሪብቶዋን አቁማ ሰውየው ማነው ጋሼ ትለኛለች። አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ አልኳት። አሁን ደግሞ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፤ ጉንፋን ይሆናል።

ባለፈው ለነአባይነሽ ይላካል ወይ ስልሽ፣ አባዬ፣ መድኃኒቱ ከቀን ወደ ቀን ኃይሉ እየጎደለ ነው የሚሄደው፣ መንገድ ላይ ያልቃል አልሽ። ምን ዓይነት መድኃኒት ነው? የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል እንኳ ተቆርጦ ስንት ጊዜ ይሸታል! ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ይህን ማስቆም አቃተሽ?

ሰውየው ኩሩ ነው፤ ልጁን ነይልኝ አይልም። እኔ ግን ልንገርሽ፤ ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ለጥምቀት አድርጊው። መድኃኒቱ መንገድ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሰውየውም እንደዚያው ነው።

ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ ማዳኛ ያድርግልሽ።

አባትሽ፤ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።